ላይት ስፖርት አውሮፕላን መሸጥና የመሣሪያ በረራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ ሁለት መቀመጫ ላይት ስፖርት አውሮፕላኑን ለገበያ ያቀረበ ሰው ብዙ ሳይቆይ «በአይኤፍአር ይበራል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አብራሪው ውጭውን ሳያይ፣ በመሣሪያዎቹ ብቻ እየተመራ ሊያበረው ይችላል ወይ ማለት ነው። ብዙ ሻጮች በኮክፒቱ (በአብራሪው ክፍል) ውስጥ ወዳሉት ስክሪኖች እያመለከቱ «አዎን» ይላሉ። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም ከገንዘብ አልፎ ሕይወት ያስከፍላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የአሜሪካን ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ደንብና የአሜሪካን ገበያ የሚመለከቱ ናቸው።

ላይት ስፖርት አውሮፕላን የሚባለው የትኛው ነው?

ኤፍኤኤ ይህን ምድብ የፈጠረው በ2004 ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ከየብስ የሚነሣ አውሮፕላን ከነጭነቱ ከ1,320 ፓውንድ (600 ኪሎ ግራም) መብለጥ የለበትም፤ ከውኃ ላይ ለሚነሣው 1,430 ፓውንድ ተፈቅዷል። መቀመጫው ከሁለት አይበልጥም፣ ሞተሩ አንድ ነው፣ በአግድም በረራ ከ120 ኖት (በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ አይፈጥንም፣ ፍጥነቱ እስከ 45 ኖት ቢወርድም ክንፉ መሸከሙን አያቆምም፣ እግሮቹም አይታጠፉም። ኤቬክተር ስፖርትስታር፣ ፍላይት ዲዛይን ሲቲኤልኤስ፣ ቴክናም ፒ2008፣ ስፖርትክሩዘር፣ ሴስና 162 ስካይካቸር እና ቫንስ አርቪ-12 በገበያው ደጋግመው የሚታዩ ናቸው። አብዛኞቹ 100 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሮታክስ 912 ሞተር ይጠቀማሉ፤ ስካይካቸር ግን በኮንቲኔንታል ሞተር ነው የሚሠራው።

በ2025 የወጣው አዲስ ደንብ ይህን ወሰን በእጅጉ አስፍቶታል፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን። ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርቡት ያገለገሉ አውሮፕላኖች ግን የተሠሩት በአሮጌው ልክ ነው።

«ኤስ-ኤልኤስኤ» እና «ኢ-ኤልኤስኤ» የሚባሉት ምንና ምን ናቸው? ለሻጭ ለውጥ ያመጣሉ?

በጣም ያመጣሉ። ኤልኤስኤ ማለት ላይት ስፖርት አውሮፕላን ነው። ኤስ-ኤልኤስኤ ፋብሪካ ሠርቶ ጨርሶ፣ ኤኤስቲኤም የተባለው ድርጅት ያወጣቸውን የኢንዱስትሪ ደረጃዎች ማሟላቱን አረጋግጦ የሚያስረክበው ነው። ለአብራሪነት ትምህርት ቤትም ሆነ ለኪራይ መዋል ይችላል። በምላሹ ባለቤቱ በአምራቹ ፈቃድ ሥር ይኖራል፦ አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ አንዲት ሬዲዮ እንኳ መቀየር አይችልም፤ አምራቹ የሚያወጣቸውን የደኅንነት መመሪያዎችም የመፈጸም ግዴታ አለበት።

ኢ-ኤልኤስኤ በሙከራ ምድብ የተመዘገበ ነው። በኪት መልክ (ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ) ተገዝቶ የተገጣጠመ ወይም ከኤስ-ኤልኤስኤ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ መሣሪያ ለመለወጥ የአምራቹን ደብዳቤ አይጠብቅም። የ16 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ የኤፍኤኤን ምስክር ወረቀት ካገኘም የራሱን አውሮፕላን ዓመታዊ ምርመራ ራሱ መፈረም ይችላል። ለኪራይና ለትምህርት ቤት ንግድ ግን አይውልም። ስለዚህ በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መጻፍ አለበት። ይህን የማይጽፍ ሻጭ ብዙ ጊዜ ራሱም አላጣራውም።

አውሮፕላኔ ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች፣ አውቶ ፓይለትና ጂፒኤስ አለው። «ለአይኤፍአር ዝግጁ» ብዬ ማስታወቅ እችላለሁ?

ሰነዱን ሳያዩ አይችሉም። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ልሂድበት።

ኤስ-ኤልኤስኤ የሚበረው በአምራቹ የአሠራር መመሪያ መሠረት ብቻ ነው፤ ይህ የኤፍኤኤ ደንብ እንጂ ምክር አይደለም። የበረራ መመሪያ መጽሐፉን ይክፈቱና ስለ ገደቦች የሚናገረውን ምዕራፍ ያንብቡ። «ቀን ብቻ፣ በእይታ ብቻ» የሚል ከሆነ በ20 ሺሕ ዶላር የተገዛ መሣሪያ ቢገጠምለትም አውሮፕላኑ ለአይኤፍአር አይሆንም። «ደመና ውስጥ መግባት ክልክል ነው» የሚል ከሆነም እንዲሁ ደመና አይገባም። አምራቾቹ ይህን የሚጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም። የተመሩበት የኤኤስቲኤም የንድፍ ደረጃ የታሰበው ለእይታ በረራ ነው፤ ደመና ውስጥ የሚያጋጥመውን መብረቅ፣ በረዶና የኤሌክትሪክ መቋረጥ አውሮፕላኑ እንዲቋቋም ተደርጎ መፈተኑን አይጠይቅም።

ከዚያ ኮክፒቱ ላይ የተለጠፉትን ጽሑፎችና ከበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀቱ ጋር የተያያዘውን የገደቦች ወረቀት ያንብቡ። የሞተሩ መመሪያም አይዘለል። ለሮታክስ 912 ዩኤል ዓይነቶች የወጡ የቆዩ መመሪያዎች ሞተሩ በድንገት ቢቆም ያለ ሞተር በሰላም ማረፍ ከማይቻልበት ቦታና ሁኔታ እንዲርቁ በግልጽ ያስጠነቅቃሉ። ዝቅ ባለ ደመና ውስጥ ሆኖ ሞተሩ የቆመበት አብራሪ ከደመናው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እነዚህ ሁሉ ከፈቀዱ በኋላ ነው ወደ መሣሪያዎቹ የሚኬደው። እዚያም አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ዳይነን ስካይቪው ወይም ጋርሚን ጂ3ኤክስ ያለው አውሮፕላን ካርታውን በስክሪኑ ላይ ውብ አድርጎ ያሳያል፤ ስክሪኑ የሚያሳየው የጂፒኤስ ካርታ ግን በአይኤፍአር ለመንገድ መሪነትም ሆነ ወደ ማኮብኮቢያ ለመቅረብ በራሱ አይበቃም። ለዚህ ሥራ እንደ ጋርሚን ጂቲኤን 650 ወይም ጂፒኤስ 175 ያለ፣ ለአይኤፍአር የጸደቀ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የመረጃ ቋቱም ወቅታዊ መሆን አለበት። ገዢው ከብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ይህ መሣሪያ እንደሌለ ሲያይ ሽያጩ ይፈርሳል፤ መፍረሱም ተገቢ ነው።

በአይኤፍአር መብረርና ደመና ውስጥ መግባት አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። አይኤፍአር የአሠራር ሥርዓት ነው፦ የበረራ ዕቅድ ይቀርባል፣ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ይገኛል፣ በተሰጠው መስመርና ከፍታ ይበረራል። ይህ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም ይደረጋል። ደመና ውስጥ መግባት ደግሞ የአየሩ ሁኔታ ነው። አንዳንድ አምራቾች የመጀመሪያውን ይፈቅዱና ሁለተኛውን ይከለክላሉ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በሕጋዊ መንገድ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር እየተነጋገረ የአይኤፍአር መስመሩን ሊከተል ይችላል፤ ደመና ፊቱ ላይ ከተደቀነ ግን አቅጣጫ ማስቀየሪያ ጠይቆ መራቅ አለበት። ለልምምድ ጠቃሚ ነው። መጥፎ አየር ባለበት ቀን ቤት ለመድረስ ግን አያገለግልም። በማስታወቂያው ላይ ሁለቱ ተለይተው ይጻፉ።

ሕጉ ለአይኤፍአር የሚጠይቃቸው ዕቃዎች ምንድን ናቸው?

በፌዴራል ደንቡ ክፍል 91.205 ላይ ተዘርዝረዋል። ለቀንና ለሌሊት የእይታ በረራ ከሚያስፈልጉት በተጨማሪ ለመስመሩ የሚስማማ የመገናኛና የመንገድ መሪ መሣሪያ፣ የአውሮፕላኑን ዝንባሌ የሚያሳይ ሰው ሠራሽ አድማስ፣ የአቅጣጫ ጠቋሚ፣ የመዞር ፍጥነት ጠቋሚ፣ የጎን መንሸራተት ጠቋሚ፣ በአየር ግፊት የሚስተካከል ከፍታ መለኪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና በቂ ኃይል የሚሰጥ ጄኔሬተር ወይም ኦልተርኔተር ያስፈልጋሉ።

ዕቃው መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ የተፈተነበት ቀንም ይታያል። ከፍታ መለኪያውና የአየር ግፊት መስመሩ በየ24 ወሩ፣ ትራንስፖንደሩም (ለተቆጣጣሪዎቹ ራዳር መልስ የሚሰጠው መሣሪያ) እንዲሁ በየ24 ወሩ መፈተን አለባቸው። ብዙ የላይት ስፖርት ባለቤቶች በእይታ ብቻ ስለሚበሩ የትራንስፖንደሩን ያስፈትኑና የከፍታ መለኪያውን ይተዋሉ። የጥገና መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ብቻ ካለ አውሮፕላኑ ዛሬ ለአይኤፍአር ሕጋዊ አይደለም።

ሕጉ የማይጠይቀው ነገር ግን ሊኖር የሚገባውስ?

የፒቶ ቱቦ ማሞቂያ በመጀመሪያ ይመጣል። ፍጥነት የሚለካው ይህ ቀጭን ቱቦ በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ በበረዶ ሲደፈን የፍጥነት ንባቡ ሐሰት ይሆናል፤ አውቶ ፓይለቱና ስክሪኑም ሐሰቱን አምነው ይሠራሉ። ብዙ ላይት ስፖርት አውሮፕላኖች ይህ ማሞቂያ የላቸውም።

ቀጥሎ መጠባበቂያ ኤሌክትሪክ ነው። ሁሉም ነገር በስክሪን ላይ በሆነበት ኮክፒት ውስጥ ኦልተርኔተሩ ከተበላሸ አብራሪው የቀረው ጊዜ ባትሪው የሚሰጠውን ያህል ነው። የራሱ ባትሪ ያለው ሁለተኛ ሰው ሠራሽ አድማስ ካለ ለገዢው ያሳዩት፤ ዋጋ አለው።

አውቶ ፓይለትን እንደ ቅንጦት የሚያዩ አሉ። በ600 ኪሎ አውሮፕላን ውስጥ ግን ብቻውን የሚበር ሰው ሬዲዮ እያነጋገረ፣ የማረፊያ ሰንጠረዥ እያነበበ፣ በንፋስ የሚንገላታ ቀላል አውሮፕላን ቀጥ አድርጎ መያዝ እጅግ አድካሚ ይሆንበታል። በረዶን በተመለከተ ግን የሚያከራክር ነገር የለም፤ እነዚህ አውሮፕላኖች ክንፋቸው ላይ የሚጋገረውን በረዶ የሚያራግፉበት ምንም ነገር የላቸውም። በቀዝቃዛው ወቅት ደመናው ከዜሮ በታች ከሆነ መሬት ላይ ይቆያሉ።

ክብደት ለምን በዚህ ጉዳይ ይነሣል?

የአይኤፍአር መሣሪያ ክብደት አለው፤ የአይኤፍአር ነዳጅ ደግሞ ከእሱ ይብሳል። በቁጥር እንየው። ባዶ ክብደቱ 370 ኪሎ የሆነ አውሮፕላን እንውሰድ። ከ600 ላይ ሲቀነስ 230 ኪሎ ይቀራል። እያንዳንዳቸው 85 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ሲገቡበት 60 ኪሎ ይተርፋል፤ ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይህ 83 ሊትር ነው። ሞተሩ በሰዓት 19 ሊትር ያህል ቢፈጅ ከአራት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ በረራ ያስኬዳል። ጥሩ ነው።

አሁን ሰዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ይሁኑ። ለነዳጅ የሚቀረው 30 ኪሎ ብቻ ነው፤ 42 ሊትር ወይም ሁለት ሰዓት ገደማ። የአይኤፍአር ሕግ ደግሞ ወደ መድረሻው፣ የአየሩ ትንበያ መጥፎ ከሆነ ከዚያም ወደ ተለዋጭ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በዚያም ላይ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ይጠይቃል። ወደ ተለዋጩ 30 ደቂቃ ቢወስድ ለእውነተኛው ጉዞ የሚቀረው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ሻንጣ ገና አልተጫነም። አውሮፕላኑ ወረቀቱም መሣሪያውም ቢፈቅድለት ሁለት ሰው ይዞ በመጥፎ አየር ሩቅ መሄድ እንደማይችል ይህ ስሌት ያሳያል። ሻጭ የሆነ ሰው የመጨረሻውን የክብደት መዝገብ ፎቶ ማስታወቂያው ላይ ቢያደርግ ለገዢው ትልቅ ውለታ ይውልለታል።

የስፖርት ፓይለት ፈቃድ ነው ያለኝ። አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት በአይኤፍአር ማብረር እችላለሁ?

አይችሉም። ስፖርት ፓይለት ያለ ሕክምና ምስክር ወረቀት ቀላል አውሮፕላን ማብረር የሚችል ሰው ነው፤ ነገር ግን መሬትን እያየ፣ ቢያንስ የሦስት ማይል እይታ ባለበት ነው የሚበረው። ለአይኤፍአር ቢያንስ የፕራይቬት ፓይለት ፈቃድ፣ በላዩ ላይ የመሣሪያ በረራ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም የሕክምና ምስክር ወረቀት ወይም ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው ቤዚክሜድ የተባለ ቀለል ያለ የሕክምና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው ካለም በኋላ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ስድስት የመሣሪያ አቀራረቦችን (በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማኮብኮቢያ መውረድን) ያላደረገ ሰው ደመና ውስጥ ተሳፋሪ ሳይዝ ብቻውን እንኳ አይገባም።

ይህን ጉዳይ ቀለል አድርገው የሚያዩ ሰዎች ያሳስቡኛል። በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት የመሣሪያ በረራ ልምድ የሌላቸው 20 ተማሪ አብራሪዎች በሰው ሠራሽ ደመና ሁኔታ እንዲበሩ ተደርገው ነበር። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው። የውስጠኛው ጆሮ የሚነግረን ሚዛን ዐይን ካላረጋገጠለት ይከዳናል፤ ጉብዝናም ድፍረትም ይህን አይለውጠውም። የኮክፒቱ ስክሪን ትልቅ መሆኑ ያልሠለጠነን ሰው ደፋር ያደርገዋል እንጂ አያድነውም።

ታዲያ ለመሣሪያ በረራ ትምህርት ይጠቅማል?

አዎን፤ እኔ እንደማምነው የእነዚህ አውሮፕላኖች ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫውን ለማግኘት 40 ሰዓት የመሣሪያ ጊዜ ያስፈልጋል። አብዛኛው በጠራ ሰማይ፣ ዐይን ላይ መጋረጃ ተደርጎ፣ አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል። በሰዓት 19 ሊትር የሚጠጣ አውሮፕላን ከአሮጌ ባለ አራት መቀመጫ ጋር ሲወዳደር ወጪው በጣም ያነሰ ነው። ሻጭ ከሆኑ «ለመሣሪያ በረራ ልምምድ የሚሆን» ብለው ይጻፉ፤ እውነት ከሆነ ገዢ አለው።

አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ የአገራችን ልጆች አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሳይቀር፣ የመሣሪያ በረራ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የሚያደርገውን የማጣራት ሂደት ማለፍ አለበት። አስተማሪ ከመቅጠርዎ በፊት ይጀምሩት።

ከመሸጤ በፊት ወደ ኢ-ኤልኤስኤ ብቀይረው ዋጋው ይጨምራል?

ይህ በጥንቃቄ የሚታሰብ ነገር ነው። ኢ-ኤልኤስኤ ሲሆን የሚሰጠው የገደብ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በክፍል 91.205 መሠረት የተሟላ መሣሪያ ካለው ሌሊትም ሆነ በአይኤፍአር እንዲበር ይፈቅዳል። የአምራቹ የ«አይፈቀድም» ገጽም በዚያው መንገድ አያስርም። ለአንድ በግሉ ለሚበር፣ ማረጋገጫ ላለው ገዢ ይህ ይማርካል። አምራቹ ከሥራ ከወጣና የመቀየሪያ ደብዳቤ የሚጽፍ ከጠፋ ደግሞ መቀየሩ አስገዳጅ እስከ መሆን ይደርሳል።

ችግሩ መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው። አንዴ ወደ ሙከራ ምድብ የገባ አውሮፕላን ኤስ-ኤልኤስኤ ሆኖ አይመለስም። የበረራ ትምህርት ቤቶች ከገዢዎች ዝርዝር ወጡ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወረቀቱ ተለወጠ እንጂ ክንፉ፣ ሞተሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ ትናንት የነበሩት ናቸው፤ አምራቹ ደመናን የከለከለበት ምክንያት በፊርማ አይጠፋም። የእኔ ምክር ገዢው ካልጠየቀ አይቀይሩ የሚል ነው። የሚፈልግ ገዢ ከገዛ በኋላ ራሱ ይቀይረው።

በ2025 የወጣው አዲስ ደንብ ገበያውን ምን አደረገው?

ሞዛይክ በሚል ስም የሚታወቀው ደንብ ይፋ የተደረገው በሐምሌ 2025 በኦሽኮሽ የአውሮፕላን ትርዒት ላይ ነው። አብራሪዎችን የሚመለከተው ክፍል ከጥቅምት 22 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ የአውሮፕላን ማረጋገጫውን የሚመለከተው የተቀጠረው ለሐምሌ 2026 ነው (ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስፖርት ፓይለት አሁን የ600 ኪሎ ገደብ የለበትም፤ ክንፉ መሸከሙን የሚያቆምበት ፍጥነት ከ59 ኖት የማይበልጥና እስከ አራት መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ማብረር ይችላል፣ ሆኖም ከአንድ ተሳፋሪ በላይ አይዝም።

ለሻጭ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከዚህ በፊት የሕክምና ምስክር ወረቀት ማውጣት ያልፈለገ ገዢ ከላይት ስፖርት በቀር ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ እንደ ሴስና 150 እና 172 ያሉትንም ማየት ይችላል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በፋብሪካ ማረጋገጫቸው ለአይኤፍአር የሚፈቀድላቸው ናቸው። ስለዚህ ላይት ስፖርቱን በአይኤፍአር ስም ለመሸጥ መሞከር ከጠንካራ ተፎካካሪ ጋር በደካማ ጎን መግጠም ነው። የላይት ስፖርቱ ብርታት ሌላ ቦታ ነው፦ አዲስነቱ፣ የነዳጅ ቁጠባው፣ ሰፊ እይታው፣ በብዙዎቹም ላይ ያለው የአውሮፕላን ፓራሹት። በእነዚህ ይሽጡት።

አዲሱ ደንብ ስፖርት ፓይለትን በአይኤፍአር አላስፈቀደም። ቀድሞ የተሠራው አውሮፕላንም በአሮጌው መመሪያው መገዛቱን ይቀጥላል።

ማስታወቂያውን እንዴት ልጻፈው?

«ሙሉ መስታወት ኮክፒት፣ አይኤፍአር ዝግጁ፣ እንዳያመልጥዎ» የሚለው ዓይነት ይቅር። በምትኩ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፉ፦ «ኤስ-ኤልኤስኤ። የበረራ መመሪያው ቀንና ሌሊት በእይታ ይፈቅዳል፤ ደመና ውስጥ መግባት ይከለክላል፤ ገጹ በፎቶ ተያይዟል። ጋርሚን ጂቲኤን 650 በአምራቹ የጽሑፍ ፈቃድ የተገጠመ፣ ደብዳቤው አለ። ከፍታ መለኪያና ትራንስፖንደር የተፈተኑበት ቀን እነሆ። ባዶ ክብደት ይህን ያህል፣ የሞተር ሰዓት ይህን ያህል። በመሣሪያ ለመለማመድ የሚመች፤ ለመጥፎ አየር ጉዞ የማይሆን።» የመጨረሻዋ ሐረግ ገዢ የምታባርር ትመስላለች። የምታስቀረው ግን ለዚህ አውሮፕላን የማይስማማውን ሰው ነው፤ ሻጩም ገዢውም ከዚያ ጊዜ ያተርፋሉ።

የገዢው መካኒክ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚያየው ምንድን ነው?

የአምራቹ የፈቃድ ደብዳቤዎች። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ እያንዳንዱ መሣሪያ ደብዳቤ ከሌለው ኤስ-ኤልኤስኤው በሕግ ፊት ለበረራ ብቁ አይደለም፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አውሮፕላኑን ለአይኤፍአር «ለማሻሻል» በተደረገ ጥረት ነው። ከሻጩ በጎ ሐሳብ የተነሣ ነገር ሽያጩን ሲያበላሽ ማየት ያሳዝናል። ደብዳቤው ከሌለ ገዢ ከመፈለግዎ በፊት ለአምራቹ ይጻፉ።

በሮታክስ ላይ የጎማ ቱቦዎቹ በየአምስት ዓመቱ መቀየራቸው፣ ሞተሩም ለመታደሻ ከተቀመጡለት ከ2,000 ሰዓትና ከ15 ዓመት የትኛው እንደሚቀድመው ይታያል። ጥቂት ሰዓት ብቻ የበረረ የ14 ዓመት ሞተር ስላለኝ ብለው ዋጋ አይጨምሩ፤ ገዢው ዓመቱንም ይቆጥራል። ፓራሹት ካለው የሚታደስበት ቀን ይመረመራል፤ የማደሱ ወጪ ብዙ ሺሕ ዶላር ስለሚደርስ ቀኑ የቀረበ ከሆነ ዋጋው ላይ ድርድር ይኖራል።

ስም ማዛወሩ እንዴት ይካሄዳል?

ሻጩ የሽያጭ ሰነዱን በቅጽ 8050-2 ይፈርማል፤ ገዢው በቅጽ 8050-1 ምዝገባ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ኦክላሆማ ሲቲ ወደሚገኘው የኤፍኤኤ የአውሮፕላን መዝገብ ይላካሉ። ሻጩ የአሮጌውን የምዝገባ ወረቀት ጀርባ ሞልቶ መመለስ አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው አውሮፕላኑ ከእጁ ከወጣ በኋላም በመዝገብ ላይ ባለቤት ሆኖ ይቆያል። ገዢው አስቀድሞ በአውሮፕላኑ ላይ የባንክ ዕዳ አለመኖሩን ከዚያው መዝገብ ያስጣራ፤ ገንዘቡም በአደራ ያዥ ድርጅት በኩል ቢተላለፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። በአሜሪካ አውሮፕላን በስሙ ማስመዝገብ የሚችለው ዜጋ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው።

ገዝቼ ወደ ኢትዮጵያ ልወስደው እችላለሁ?

ከባድ ነው። የላይት ስፖርት የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ የሚያሟላ ስላልሆነ አንዱ አገር የሌላውን እንዲሁ አይቀበለውም፤ ከሚገባበት አገር ባለሥልጣን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከወረቀቱ ባሻገር አየሩ አለ። አዲስ አበባ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚሰጥ መሣሪያ) የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ። በዚህ ጉልበት፣ በተራሮች መካከል፣ በክረምት ደመና ውስጥ የአይኤፍአር በረራ ማሰብ አይገባም።

ገዢው በሙከራ በረራ ላይ «ትንሽ ደመና ውስጥ እንግባና ልየው» ቢለኝስ?

እምቢ ይበሉ። የመሣሪያዎቹን አሠራር በጠራ ሰማይ ማሳየት ይቻላል፦ ገዢው መጋረጃውን ዐይኑ ላይ ያድርግ፣ እርስዎ ወይም ብቃት ያለው አስተማሪ ውጭውን ይመልከት፣ አውቶ ፓይለቱ ወደ ማኮብኮቢያው የሚያደርገውን አቀራረብ እስከ ዝቅተኛው ከፍታ ይከታተሉት። ከመነሣትዎ በፊት አውሮፕላኑን በኃላፊነት የሚያዘው ማን እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስማሙ፤ የኢንሹራንስ ውልዎም ገዢውን እንደ አብራሪ ይቀበል እንደሆነ ስልክ ደውለው ያረጋግጡ።